የመርከብ ገመድ ለሳቢያን

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
መስከረም 21 ቀን 2017

ለውድ አጎቴ ለአብቲ ዱዓሌ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ጉልበትህን ያበርታልህ፣ የቀረችህን አንዷንም ጆሮ አይንሳህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል። ሙቀቱ ያው ነው፣ ግን ጅቡቲ ካለኸው ካንተ ይሻላል እያልን እንጽናናለን።

ነገሩን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንተ «ምን?» ትላለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ በመጨረሻ ጎረቤቱ በሙሉ ጉዳያችንን ሰምቶ አንተ ብቻ ሳትሰማ ትቀራለህ። ሠላሳ ዓመት የመኪና ሞተር አጠገብ ተቀምጠህ ጆሮህን ለሞተሩ ሰጥተህ መጣህ፣ ምን ይደረጋል። ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመለስኩ። ደብዳቤውን የምታደርስልህ ኒምኮ ናት፣ ያቺ ታይዋን ገበያ ልብስ የምትነግደው፣ በየጊዜው ለዕቃ ወደናንተ የምትመጣው። መልስህን በእሷ ላክልኝ።

ጉዳዩ መንገዳችን ነው አቦ። አንተ የምታውቀው ኮብልስቶን ዓምና ተነቅሎ አስፋልት ፈሰሰበት። እልል ብለን ነበር። ለሠራተኞቹ በረዶ ያለው ውሃ ስናቀርብ ከረምን። ደስታችን ግን ሳምንት አልሞላም። ለካ መኪናውን ቀስ ያሰኝልን የነበረው ያ የተናቀ ድንጋይ ነው። አሁን ከታች የሚመጣው ሁሉ የእኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ነዳጅ ይረግጣል። የእግረኛ መንገድ የለም። በአንድ በኩል ክፍት ቦይ ነው፣ በሌላው በኩል የሱቆች ደረጃና ዕቃ ነው፣ የተረፈው ለመኪና ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ዳቦ ቤት ለመድረስ ከመኪና ጋር እየተጋፋ ነው የሚሄደው።

ባለፈው እሁድ ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። እንዳንተ ጆሮው የደነቆረ ብቻ ነው በሰላም ተቀምጦ የሚወጣው። የባጃጆቹ ተጠሪ ኩልሚዬ ተነስቶ፣ ፍጥነት የሚቀንስ ጉብታ ከተሠራ የባጃጅ ሆድ እየተፋቀ ያልቃል አለ። «ያንተ ባጃጅ ሆድ ከሰው እግር በለጠብህ?» አልኩት። ባለሱቆቹ ዕቃችንን የት እንዘርጋ አሉ። ከዚያ የአንተው ጓደኛ ሙሂዲን ከዘራውን ተደግፎ ተነሳና፣ «ይህች ከተማ ያለ እግረኛ መንገድ መቶ ዓመት ኖራለች» አለ። ከተማዋ ኖራለች፣ መቶ ዓመት የኖረ እግረኛ ግን አላየንም አልኩት። ሴቶቹ ሳቁ፣ እሱ ተቀየመ፣ እስካሁን ሰላም አይለኝም።

ለመንገድ ሥራው የመጣው መሐንዲስ ልጅ እግር ነው፣ ትዕግሥቱን ወድጄለታለሁ። ያለው ይህን ነው። የእግረኛ መንገድ በጀት አለ። ግን ወደ መንገዱ የወጣ ደረጃ ወይም በረንዳ ያለው ባለይዞታ ሁሉ በፈቃዴ ይነሳልኝ ብሎ በእጁ መፈረም አለበት። ከአሥራ ዘጠኙ ባለይዞታ አንድ ሰው እንኳ ከጎደለ ሥራው ወደ ሌላ ሰፈር ይዞራል። ቀኑ እስከ የካቲት ሠላሳ ነው። ጉብታው ደግሞ ጥናት ይፈልጋል፣ ሁለት ዓመት ጠብቁ ብሎናል።

እንግዲህ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አትደንግጥ፣ ገንዘብ አይደለም። አንደኛ፣ የሱቅህ በረንዳ ሁለት ሜትር ወደ መንገዱ ወጥቷል፣ ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት ፈርመህ ላክልኝ። ሁለተኛ፣ አንተ ወደብ አጠገብ መጋዘን ነው የምትጠብቀው፣ መርከብ የሚታሰርበት አሮጌ ገመድ እዚያ ተጥሎ ይገኛል ይላሉ። በየገጠሩ መንደር መንገድ ላይ ጋደም አድርገው መኪና የሚያዘገዩበትን ማለቴ ነው። ሁለት ጥቅል ላክልኝ። ጥናታቸውን ሲያጠኑ እኛ በገመድ እንቆያለን።

አላህ በሰላም ያገናኘን።
የእህትህ ልጅ ኡባህ

*

ጅቡቲ
ጥቅምት 4 ቀን 2017

ለኡባህ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ። አላህ ቤትሽን ይባርክ፣ ልጆችሽን ያሳድግ፣ ምላስሽን ደግሞ ትንሽ ያሳጥርልሽ። እኔ ደህና ነኝ። አማርኛ ከጻፍኩ ቆይቻለሁና ፊደሌን ታገሺ። የአባቴን ቋንቋ መናገር እንጂ መጻፍ ማንም አላስተማረኝም፣ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነው።

ያንን በረንዳ ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ? ከሾፌርነት በወጣሁ በዓመቱ በእነዚህ እጆቼ ነው የሠራሁት። አሥራ ሰባት ኩንታል ሲሚንቶ ነው የበላው። ድንጋዩን ከደቻቱ ወንዝ አንድ በአንድ መርጫለሁ። ሰዎች አድራሻ ሲጠየቁ «የዱዓሌ በረንዳ» ብለው ነው የሚጠቁሙት። እኔ እዚያ ሰፈር ውስጥ የቀረኝ እሱ ነው። ሙሂዲንና ጓደኞቼ ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው የሚቀመጡበትን ቦታ አፍርሼ ለማን ልስጥ? ለመንገደኛ? መንገደኛ በመንገድ ይሂድ።

ስለ ገመዱ ደግሞ አትንገሪኝ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ባልገረመኝ። ሾፌር አጎትሽን ያንን ገመድ ላክልኝ ትያለሽ? በደወሌ፣ በጠረፉ መንገድ ስመላለስ ያንን ነገር ስንት ዓመት እንደረገምኩት አላህ ያውቃል። ስፕሪንግ ይሰብራል፣ ጭነት ይንዳል፣ ሰው ይሰድባል። ከእጄ አይወጣም። ጨርሻለሁ።

ልጆቻችሁን ያዙ። ድሮ ልጅ የሚጠበቀው በእናቱ ነበር፣ በገመድ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ሐሊሞ የት አለች? ከዚህ በፊት በጻፍሽልኝ ሁሉ የመጨረሻውን መስመር እሷ ነበረች የምታስጽፍሽ። አሁን «ሰላም ብላሃለች» ብለሽ በግማሽ መስመር አለፍሽ። እህቴ በግማሽ መስመር የምታልቅ ሰው አይደለችም። ተቀይማኝ ከሆነ ንገሪኝ።

አላህ ይጠብቃችሁ።
ዱዓሌ

*

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ኅዳር 2 ቀን 2017

ለአብቲ ዱዓሌ፣

ሰላምና ጤና ከአላህ ዘንድ ይውረድልህ። ምላሴን እንዲያሳጥር የለመንከው ዱዓ እስካሁን አልደረሰም፣ ምናልባት ኬላ ላይ ተይዞ ይሆናል።

በረንዳህ ስምህ ከሆነ ስምህ መንገድ ዘግቷል። ይህን ስጽፍ አላፍርም። አሥራ ስድስት ሰው ፈርሟል። ሐጂ የተባለው ሽማግሌ እንኳ፣ ያ አጥሩን ወደ መንገድ ገፍቶ ገፍቶ አስፋልቱን ግቢው ውስጥ ሊያስገባ የደረሰው፣ ፈርሟል። የቀሩት ሁለቱ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «ዱዓሌ ሲፈርም እንፈርማለን።» ሙሂዲን በረንዳህ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ትራስ ተደግፎ፣ እግሩን ወደ አስፋልቱ ዘርግቶ «ባለቤቱ ሳይፈቅድ አንዲት ድንጋይ አትነቀልም» ይላል። ጠበቃህ ነው፣ ደሞዝ ላክለት።

ገመዱን ስለከለከልከን የራሳችንን ጉብታ ሠራን። እስቲ ቁጭ በልና ስማ። ቅዳሜ ከአስር ሰዓት በኋላ ነው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ባልዲ ሲሚንቶና አሸዋ ያምጣ ተባለ። መሐንዲሱ በወሬ እንደነገረን ለአንድ ጉብታ አሥር ባልዲ ይበቃል። ጉድ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አርባ አንድ ቤት አርባ አንድ ባልዲ ይዞ ወጣ። አሥረኛው ባልዲ ላይ በቃ ስንል አሥራ አንደኛዋ ሴትዮ ተቆጣች። «የእኔ ባልዲ ከማን ያንሳል? እኔ የሰፈሩ ሰው አይደለሁም?» አለች። አፈሰሰች። ከእሷ በኋላ ማንን ትከለክላለህ? ባልዲው ያልፈሰሰለት ሰው እንደ ተሰደበ ነው የሚቆጥረው፣ ሰፈራችንን ታውቀዋለህ። ሁሉም አፈሰሰ።

እሁድ ጠዋት ስንወጣ መንገዳችን ላይ ተራራ አለ። ኩልሚዬ በባጃጁ ሊያልፍ ወጣበትና ሆዱ አናቱ ላይ ተቀመጠ፣ ሦስቱም ጎማዎች አየር ላይ። ወርዶ ዙሪያውን ሲዞር፣ ሲያየው፣ ደግሞ ሲዞር፣ በሳቅ ወደቅን። እሱም ትንሽ ቆይቶ ሳቀ። ሰኞ ከመንግሥት መጥተው አፈረሱት። እኔን ሕገ ወጥ ግንባታ ብለው ቢሮ ጠሩኝ። «ማን አዘዘሽ?» አለኝ ሰውዬው። ማንም አላዘዘኝም፣ እናንተን ሁለት ዓመት መጠበቅ አልቻልንም አልኩት። «ይህ እንዳይደገም» አለኝ። እግረኛ መንገዱንና ጉብታውን ሥሩልኝ፣ አልደግመውም አልኩት። አስፈርሞ ለቀቀኝ። ያስፈረመኝን ወረቀት ግን አላነበብኩትም።

አሁን ገመድ ያስፈለገበት ምክንያት ይግባህ። ሲሚንቶ ይፈርሳል። ገመድ ግን ሲመጡ እንጠቀልላለን፣ ሲሄዱ እንዘረጋለን።

እናቴ የረሳችህ እንዳይመስልህ፣ ሥራ ስለበዛባት ነው። እንዲህ ብላለች፦ «ወንድሜ ዱዓሌ፣ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ሪዝቅህን ያስፋው፣ ልጆችህን ይባርክ። ሁላችንም ደህና ነን፣ አታስብ።»

ኡባህ

*

ጅቡቲ
ጥር 19 ቀን 2017

ለኡባህ፣

ሰላም ለቤታችሁ።

ሁለት ወር ተኩል ዝም ያልኩት ወረቀት አጥቼ አይደለም። የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች እያነበብኩ ነበር።

ያንን እህቴ አላለችም። ሐሊሞ ሳትሰድበኝ መርቃኝ አታውቅም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ መጀመሪያ ስድቡን ታወርደዋለች፣ አንተ ወፍራም ራስ፣ አንተ የማትደውል፣ አንተ ሚስትህን የምታስለቅስ፣ ከዚያ ነው ዱዓው የሚመጣው። አንቺ የጻፍሽው እንደ ኢማም ነው። ደግሞ «አታስብ» የምትለኝ መቼ ነው? እሷ እኮ የምትፈልገው እንዳስብ ነው።

ኒምኮን ጠየቅኋት። ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ «ደህና ናቸው» አለች። ኒምኮ ሸቀጥ ስትሸጥ ዓይኔን እያየች ነው የምትዋሸኝ። መሬት ያየችው ምን ብላ ነው?

ሞታለች? ከሞተች ጻፊልኝ። ወንድም ነኝ፣ ዱዓ አደርጋለሁ፣ ለሐዘን እቀመጣለሁ፣ ሰው ይመጣልኛል። ካልሞተች ምን ሆነች?

ስለ በረንዳ አንድ ቃል አላወራም። ስለ ገመድም አላወራም። እውነቱ ከሌለበት ሌላ ደብዳቤ አትላኪልኝ፣ ሳልከፍት እመልሰዋለሁ።

ዱዓሌ

*

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
የካቲት 9 ቀን 2017

ለአብቲ ዱዓሌ፣

አላህ ልብህን ያጽናልህ። መጀመሪያ ይህን አንብብ፦ እናቴ በሕይወት አለች።

ነሐሴ አሥራ ስምንት፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ ከአንድ ወር በፊት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። በሱቆቹ ጥግ ጥግ ነበር የምትሄደው። በረንዳህ ጋ ስትደርስ መሄጃ አልነበረም። ላዩ ላይ ሰው ተቀምጧል፣ ደረጃው ላይ እግር ተዘርግቷል። ሰላም ብላቸው ወደ አስፋልቱ ወረደች። ሦስት እርምጃ ነው አብቲ፣ ለካሁት። በሁለተኛው ላይ ፒክአፕ መታት።

ዳሌዋ ተሰበረ። ብረት ገብቶላታል። ስድስት ወር ሊሞላ ነው። ሐኪሙ አራት እግር ያለውን ምርኩዝ ይዛ በየቀኑ ብዙ መሄድ አለባት፣ ካልሄደች እግሩ እንደደረቀ ይቀራል ብሎናል። የት ትሂድ? ግቢያችን አሥራ አንድ እርምጃ ነው፣ እሱን ትመላለሳለች። በሩን ከፍታ መንገዱን ታያለች፣ ታያለች፣ ትዘጋዋለች። አንዳንድ ቀን አትነሳም። «ለምን እነሳለሁ» ትላለች። እናቴ እንዲህ ስትል ሰምተሃት ታውቃለህ?

እንዳልነግርህ ያስማለችኝ እሷ ናት። «ያንን በረንዳ ሲሠራ ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። በእሱ ምክንያት ነው የወደቀችው ብሎ ሰው እንዲነግረው አልፈልግም፣ እንዳትጽፊ» አለችኝ። ስለዚህ ዋሸሁህ። የዋሸሁት ያንተን ስም ለመጠበቅ ነው፣ አንተ ደግሞ ስሜ በረንዳው ነው እያልክ ጻፍክልኝ። ያን ደብዳቤ ሳነብላት እንዴት እንደዋለች አልነግርህም።

አሁን የሠራሁትን ስማ። ከትናንት ወዲያ፣ ዐርብ፣ ከጁሙዓ በኋላ በረንዳህን አፈረስኩት።

ብቻዬን አልነበርኩም፣ መዶሻውን መጀመሪያ ያነሳሁት ግን እኔ ነኝ፣ ማንም ላይ አላላክክም። ሙሂዲን እንደ ልማዱ ተቀምጦ ነበር። «በእኔ ላይ ነው የምታፈርሺው» አለኝ። ልመልስለት ስል እናቴ ምርኩዟን ይዛ ከቤት ወጣች። ማንም አልጠራትም። በጥግ በጥግ መጣች፣ በረንዳው ጋ ስትደርስ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰላም አለቻቸውና ምርኩዟን ወደ አስፋልቱ ልታወርድ ጎንበስ አለች። ሙሂዲን አየ። ተነስቶ ምንጣፉን ጠቀለለ። ከዚያ በረንዳውን በመዶሻው መታሁት። አሥራ ሰባት ኩንታል ያልከው እውነት ነው፣ እስከ መግሪብ ፈጀብን። ፍርስራሹን ኩልሚዬ በባጃጁ ሲያመላልስ ዋለ፣ የባጃጅ ሆድ ለዚህ ሲሆን አልተፋቀም።

ይቅርታ አልጠይቅህም። አንድ ቀን ተቆጥተህ ብትመጣ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ነገር ግን ይህን እወቅልኝ፦ በረንዳህን አፍርሻለሁ፣ ፊርማህን አልሰረቅኩም። ላስመስለው እችል ነበር፣ አጻጻፍህን አውቀዋለሁ፣ ሰዎች ፈርሚለት ብለውኛል። እምቢ አልኩ። አንተን ሲጠብቁ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች በዚያው ዕለት ፈርመዋል። አሥራ ስምንት ሆነናል። በረንዳው ቢፈርስም ያለ ፊርማ አይሆንም ብሏል መሐንዲሱ፣ ነገ ባለይዞታው መጥቶ ቢከሰን ማን ይጠየቃል አለ። የካቲት ሠላሳ ሦስት ሳምንት ቀረው። የአንተ ስም ቦታ ባዶ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከነሐሴ ጀምሮ የምጠይቀው ሰው አጥቻለሁ። ያ ፒክአፕ አልቆመም። ፍሬን ያዘ፣ ሁላችንም የጎማውን ድምፅ ሰምተናል፣ የኋላ መብራቱ በራ፣ ከዚያ ፍሬኑን ለቀቀውና ሄደ። እናቴ አስፋልት ላይ ተኝታ መብራቱ ሲጠፋ አይታለች። ስለ ስብራቱ አታለቅስም፣ ስለዚያ ግን ታለቅሳለች። አንተ ሾፌር ነህ። ንገረኝ እስቲ፣ ለምንድነው የማይቆሙት?

ኡባህ

*

ጅቡቲ
የካቲት 18 ቀን 2017

ለእህቴ ልጅ ለኡባህ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ሐሊሞን ያሽርልኝ፣ እግሯን ይመልስላት፣ አንቺንም ለእሷ ያቆይልን።

በረንዳዬን ስላፈረስሽ ተቆጥቻለሁ። ይህን አልደብቅሽም። ደብዳቤሽን ያነበብኩ ቀን ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ሰው የሠራውን ሌላ ሰው ሲያፈርስበት ያማል፣ ጥፋተኛ ቢሆንም ያማል። ቁጣዬ እዚህ ላይ አበቃ።

የጠየቅሽኝን እመልስልሻለሁ። ከሁሉም ሾፌር እኔን መጠየቅሽ የአላህ ሥራ ነው።

ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ከጅቡቲ ጭኜ እየመጣሁ ነበር። ከደወሌ አለፍ ብሎ አንዲት መንደር አለች፣ ስሟን እዚህ አልጽፍም። ቀትር ነው። ቸኩዬ ነበር። ለምን እንደቸኮልኩ ብዙ ጊዜ ለማስታወስ ሞክሬ አቅቶኛል። አንዲት ልጅ ጄሪካን ይዛ መንገዱን ታቋርጥ ነበር። ስምንት ዓመት ይሆናታል፣ ዘጠኝም ይሆናታል። መታኋት። ድምፁን ሰማሁ፣ ያኔ ጆሮ ነበረኝ። እግሬ ፍሬን ላይ ነበር ኡባህ። መኪናው ሊቆም ነበር። በመስታወቱ ሳይ ጄሪካኑ ይንከባለላል፣ ሰዎች ከቤት እየወጡ ይሮጣሉ። እግሬን አነሳሁት።

የማይቆሙት ስለሚፈሩ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ይገድሉኛል ብዬ ፈራሁ፣ እስር ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ወርጄ ልጅቷን ማየት ፈራሁ። ያቺን አንዲት ደቂቃ ካለፍሽ በኋላ ደግሞ መመለስ ይከብዳል። ነገ እመለሳለሁ ትያለሽ። በሳምንቱ ትያለሽ። በባህላችን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ የወገኔን ሽማግሌዎች ይዤ ሄጄ፣ ከቤተሰቧ ፊት ተቀምጬ፣ የሚፈርዱብኝን መቀበል ነበረብኝ። ስለ ሌላ ሰው ጥፋት እንዲህ ባለ ሸንጎ ስንት ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ስለ ራሴ አልሄድኩም።

በወሩ በዚያ ሳልፍ ገመድ ተዘርግቶ አገኘሁ። ጓደኞቼ ሾፌሮች ገመዱን የሚረግሙት ስለ ስፕሪንጋቸው ነው። እኔ የምረግመው በእኔ ምክንያት የተዘረጋ ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ እዚያ ስደርስ አቀዘቅዛለሁ፣ መኪናው አንዴ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው ያዩኛል፣ አያውቁኝም። ትኑር ትሙት አላውቅም። ስሟንም አላውቅም። ጆሮዬን ሰበብ አድርጌ ሾፌርነቱን የተውኩት ለዚያ ነው። ሚስቴ አታውቅም፣ ሙሂዲን አያውቅም፣ ሐሊሞም አታውቅም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

እህቴን የመታት ሰውዬ የት እንዳለ አላውቅም። እኔ ግን የት እንዳለሁ አውቃለሁ።

ፊርማዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል፣ መሐንዲሱ ምንም ማለት አይችልም። ኒምኮ ነገ በባቡር ትመጣለች፣ ወረቀቱን ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ አስምያታለሁ። የእግረኛ መንገዱ ሲሠራ የሱቄ ተከራይ ሚክዳድ የሚሸጠውን ፍራሽ እንዳያወጣበት፣ ሙሂዲንም ምንጣፉን እንዳያነጥፍበት አንቺ ተጠያቂ ነሽ። ለሙሂዲን ግቢ ውስጥ ቦታ ስጪው፣ ልቡ እንዳይሰበር።

ገመድ ሁለት ጥቅል አግኝቻለሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ ውሰደው ብሎኛል። እንደ ክንድሽ ወፍራም ነው፣ ለአርባ አንዱም ቤት ይበቃል። ሐሙስ ድንች ሊጭን ወደ ድሬ ባዶውን የሚመለስ መኪና አለ፣ በእሱ ይመጣል። እኔም በእሱ እመጣለሁ። ልጆቼ በባቡር ሂድ፣ ይቀልልሃል ብለው ለምነውኛል። ባቡሩ ያቺ መንደር አይቆምም።

ሁለት ሽማግሌዎች ከወገኔ አብረውኝ ይሄዳሉ። ረመዳን ሳይገባ መድረስ እፈልጋለሁ። እዚያ እወርዳለሁ፣ ቤተሰቧን እጠይቃለሁ፣ የተረፈ ሰው ካለ ፊቱ እቀመጣለሁ። ያቆዩኝ ይሆን ወይም ሌላ ነገር ይፈርዱብኝ ይሆን አላውቅም፣ መብታቸው ነው። ይህን ደብዳቤ ለሐሊሞ አንብቢላት። ምንም እንዳታስቀሪባት፣ በምን እንደምትሰድበኝ እንድታውቅ።

መኪናው ዐርብ ከሰዓት በኋላ ሳቢያን ይደርሳል። እኔ ከሌለሁበት ሾፌሩን ነግሬዋለሁ፣ ገመዱን ያወርድላችኋል። እኔን አትጠብቁ፣ ዘርጉት።

ዱዓሌ